ተሟጋች ማኅበራት ለምን መዋጮ ይጠይቁናል? ከጠያቂዎቹ ጋር ሆኜ ያየሁት

«እናንተ እኮ እርዳታ አታድሉም፣ ክሊኒክ አትሠሩም። መብት ለመጠየቅ ገንዘብ ምን ያደርጋል?»

ይህን ጥያቄ በስልክም በአካልም ብዙ ሰው ጠይቆኛል። አንዳንዱ ተቆጥቶ ነው የሚጠይቀው። አንዳንዱ ደግሞ ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነው። ለሁለቱም መልስ ይገባቸዋል። መልሱን በስልክ አሳጥሮ መናገር ስለሚከብድ ነው እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው።

የአካል ጉዳተኞች መብት ላይ በሚሠራ አንድ ማኅበር ውስጥ ለዓመታት ቆይቻለሁ። መጀመሪያ በየወሩ ትንሽ የማዋጣ ተራ ደጋፊ ነበርኩ። በኋላ መዋጮ አሰባሳቢ ኮሚቴው ውስጥ ገባሁ። ለደጋፊዎች እደውላለሁ፣ የመዋጮ ጥሪ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ከገንዘብ ያዧ ጋር ቁጭ ብዬ ደረሰኝና መዝገብ አመሳክራለሁ። ስለዚህ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም፣ የት እንደሚገባም በቅርብ አይቻለሁ። መዋጮ ስትጠየቁ ግራ ለምትጋቡ፣ እንዲሁም እንደኔ ለመጠየቅ ለምትመደቡ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከአንድ ጉዳይ ልነሳ። ሰው በየቀኑ ለጉዳዩ የሚመላለስበት አንድ ሕንፃ ነበር። መግቢያው ደረጃ ብቻ ነው። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ወይ ሰው ተሸክሞት ይገባል፣ ወይ ውጭ ቆይቶ ሌላ ሰው ጉዳዩን ይጨርስለታል። የእኛ ጥያቄ ቀላል ነበር። መወጣጫ ራምፕ ይሠራ።

ደብዳቤ ጻፍን። መልስ የለም። ደግመን ጻፍን። «ጥያቄያችሁ ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። ስንከታተል «ራምፕ እኮ አለን» ተባልን። ሄደን ስናይ ከሕንፃው ጀርባ የዕቃ ማውረጃ የሲሚንቶ ቁልቁለት አለ። እንግዲህ ይህ ለሰው የሚሆን ራምፕ አለመሆኑን ማስረዳት የእኛ ሥራ ሆነ። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ 1 ለ12 ነው። አንድ ሜትር ከፍታ ለመውጣት ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። ያ ቁልቁለት ወደዚህ ልክ የሚጠጋ አልነበረም። ለዓይን ብቻ እንኳ ያስፈራል። ግን «ያስፈራል» የሚል ቃል በደብዳቤ ላይ ዋጋ የለውም። መሐንዲስ ለክቶ፣ ንድፍ ሠርቶ፣ ፈርሞ መስጠት አለበት። መሐንዲሱ ለልኬቱ ምንም አላስከፈለንም። ለንድፉ ግን ተከፈለው፤ ሰውየው የሚኖረው በዚያ ነው።

ከዚያ ውይይት ተጠራ። እኛ ደግሞ ችግሩ የሚነካቸው ሰዎች ራሳቸው ይናገሩ የሚል አቋም አለን። ስለዚህ በዊልቸር የሚሄዱ አባላት መኪና ያስፈልጋቸዋል፣ ያውም ዊልቸሩን የሚይዝ መኪና። መስማት ለተሳናቸው አባላት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ስብሰባው ከረዘመ አንድ አስተርጓሚ አይበቃም። ሥራው አእምሮን ክፉኛ ስለሚያደክም ሁለት ሆነው በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ማየት ለተሳናቸው ሰነዱ በብሬል መታተም አለበት። ውይይቱ ሳይሳካ ቀርቶ ነገሩ ወደ ክስ ሲያመራ ደግሞ ጠበቃ አለ፣ የሰነድ ማረጋገጫ አለ፣ ቀጠሮ አለ፣ ሌላ ቀጠሮ አለ።

ገንዘብ ያዧ የዚያን ጉዳይ ገጽ ከፍታ ያሳየችኝ ጊዜ አይረሳኝም። መኪና። ኮፒ። አስተርጓሚ። ኮፒ። ስልክ። ኮፒ። መኪና። ኮፒ። ለየብቻው ሲታይ አንዱም ከባድ ወጪ አይደለም። ሲደመር ግን የአንድ ትንሽ ማኅበርን ወገብ ያጎብጣል። ከገጹ ግርጌ የአንዲት ሠራተኛ ደመወዝ ተጽፏል። ደብዳቤዎቹን የጻፈችው፣ መልስ ሲጠፋ በአካል ሄዳ የጠየቀችው፣ ቀጠሮ የያዘችው፣ ሰነዱን አንድ በአንድ ያደራጀችው እሷ ናት።

ብዙ ደጋፊ «ደመወዝ» የሚለውን ሲያይ ይከፋዋል። «ገንዘቤ ለተቸገረ ሰው የሚደርስ መስሎኝ» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ግን ተሟጋች ማኅበር ውስጥ ሥራው ራሱ ሰው ነው። የሚከፋፈል ዕቃ የለም። የሚከታተል፣ የሚያነብ፣ የሚጽፍ፣ ሳይሰለች የሚመላለስ ሰው ነው ያለው። በጎ ፈቃደኛ ቅዳሜ ይመጣል፣ ከሥራ መልስ ይመጣል። ቢሮዎች የሚከፈቱት ግን ማክሰኞ ጠዋት ነው። አንድ ጉዳይ ሦስት አራት ዓመት ሲፈጅ፣ መጀመሪያ ምን እንደተባለ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ በየጊዜው ከዜሮ መጀመር ነው።

«ሕጉ እኮ አለ» የሚሉም አጋጥመውኛል። አዎ፣ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በ2006 ጸድቋል (ዓመቶቹን በሙሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፋቸው)። አንቀጽ 9 ስለ ሕንፃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ትራንስፖርትና ስለ መረጃ ተደራሽነት በግልጽ ይናገራል። ብዙ አገሮች ፈርመውታል። የተፈረመ ወረቀት ግን ተነስቶ ሕንፃ ለሕንፃ እየዞረ ደረጃ አይቆጥርም። የሚቆጥረው ሰው ነው፣ ሰውየውም መጓጓዣ ያስፈልገዋል።

ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች ከታኅሣሥ 1955 ጀምሮ ለ381 ቀናት በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ከረሙ። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሮዛ ፓርክስ መቀመጫዋን ለነጭ መንገደኛ አልለቅም ማለቷንና የማርቲን ሉተር ኪንግን ንግግር ነው። ነገር ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሰዉ ሥራ መድረስ ነበረበት። ስለዚህ ሰው እያሳፈሩ የሚመላለሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪናዎች ተደራጁ። መኪና ደግሞ ቤንዚን ይጠጣል፣ ጎማ ይበላል። የአካባቢው የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሽፋኑን ሲሰርዙባቸው እስከ ለንደን ድረስ ፈልገው ሎይድስ በሚባለው የኢንሹራንስ ገበያ በኩል ሽፋን መግዛት ነበረባቸው።

ይህን ወጪ ከሸፈኑት ሰዎች አንዷ ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ምግብ አብሳይ ናት። ሴቶችን አሰባስባ ዶሮ ጠብሰው፣ ሳንድዊችና ኬክ ሠርተው ይሸጡ ነበር። ገንዘቡን በሕዝባዊው ስብሰባ ላይ አምጥታ ታስረክባለች። ቡድናቸውን «ከየትም ያልመጣ ክለብ» አሉት። ማን እንዳበሰለ፣ ማን ገዝቶ እንደረዳ ቢታወቅ ከሥራ የሚባረር ሰው ስለነበር ነው። እሷ ራሷ ኪንግ አድማውን በመምራቱ በተከሰሰበት የፍርድ ሂደት ላይ ከመሰከረች በኋላ ሥራዋን አጥታለች። «መብት ለመጠየቅ ገንዘብ ምን ያደርጋል?» ስባል መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የምትመጣው እሷ ናት። በአውቶቡስ ላይ ስለነበረው መድልዎ በቀረበው ሌላ ክስ ዳኞች በመጨረሻ በመንገደኞቹ በኩል ሲፈርዱ፣ ሕዝቡ እስከዚያ ቀን ድረስ ሳይበተን የቆየው ቤንዚን የሚገዛ ሰው ስለነበር ጭምር ነው።

እሺ፣ ገንዘብ ያስፈልጋል እንበል። ለምን ከእኛ? ለምን ከሀብታም ድርጅት፣ ከመንግሥት፣ ከትልቅ ለጋሽ አይጠይቁም? ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድ ጊዜ ከትልቅ ለጋሽ ጋር የነበረን ውል አለቀ። እጅ አጠረን። በዚያው ሰሞን ብዙ ሕንፃዎች ያሉት አንድ ኩባንያ የዓመት ወጪያችንን ልሸፍን ብሎ መጣ። ከሕንፃዎቹ አንዳንዶቹ እኛ ቅሬታ ያቀረብንባቸው ናቸው። የኩባንያው ተወካይ ክፉ ሰው አልነበረም። ምንም ቅድመ ሁኔታ የለውም አለን፤ በጽሑፍም ሰጠን።

ቦርዱ አንድ ሙሉ ከሰዓት ተከራከረበት። «ደመወዝ መክፈል አቅቶናል እኮ፣ ምርጫ አለን?» ያሉ ነበሩ። የሚናገሩት እውነት ነው። በመጨረሻ ሊቀመንበሯ ተናገረች። እሷ ራሷ በዊልቸር ነው የምትሄደው። «ወስደን ብንከሳቸው የበሉበትን ወጪት ሰባሪ እንባላለን» አለች። «ባንከሳቸው ደግሞ ለምን ተቋቋምን?» ገንዘቡ በምስጋና ደብዳቤ ተመለሰ።

ያ ውሳኔ ዋጋ አስከፍሎናል። የስልጠና ሥራችን ቆመ። ደመወዝ እየዘገየ የተከፈለባቸው ወራት ነበሩ። ያም ሆኖ ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገሩን ሳስበው ማንም ደውሎ «ዝም በሉ» አይለንም ነበር። የሚሆነው ሌላ ነው። ደብዳቤው ለሳምንት ይዘገያል። «እንጠይቃለን» የሚለው «እናሳስባለን» ይሆናል። ከዚያ «እስቲ መጀመሪያ በግል እናናግራቸው» ይባላል። ማንም አላዘዘም፣ ማንም አልዋሸም፣ ግን አፋችን ተይዟል። ውለታ የሚሠራው እንደዚህ ነው።

ትልልቆቹ ድርጅቶችም በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ሕግ ያወጡት ለዚህ ነው። በ1961 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው አምነስቲ ኢንተርናሽናል ለሰብአዊ መብት ምርመራና ዘመቻ ሥራው የመንግሥታትን ገንዘብ አይቀበልም። መንግሥታትን ነው የሚመረምረው፤ ከእነሱ ተቀብሎ እንዴት ይሆናል? ግሪንፒስ ከመንግሥትም ከኩባንያም አይወስድም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ2016 የአውሮፓ ኅብረትን የስደተኞች ፖሊሲ በመቃወም ከኅብረቱና ከአባል አገሮቹ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ይህን ማለት የቻለው አብዛኛው ገቢው በዓለም ዙሪያ ካሉ ግለሰቦች የሚመጣ ስለሆነ ነው። ገቢው ከእነዚያ መንግሥታት ብቻ ቢሆን ኖሮ ታካሚዎቹን ወይም ተቃውሞውን መምረጥ ግድ ይሆንበት ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን የሲዬራ ክለብ ታሪክ ነው። ይህ የአሜሪካ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ነው። በ1966 መንግሥት በግራንድ ካንየን ላይ ግድብ ሊሠራ ሲያቅድ ማኅበሩ በትልልቅ ጋዜጦች ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ። ወዲያው በማግስቱ የግብር መሥሪያ ቤቱ አስጠነቀቀው። ማኅበሩ ሕግ አውጪዎችን ለመወትወት ከተንቀሳቀሰ፣ ሰዎች ለእሱ የሚሰጡት ገንዘብ ግብር ከሚከፍሉበት ገቢያቸው ላይ መቀነሱ ሊቀር ነው ማለት ነው። መብቱንም አጣ። በዚህ የሚሸሹት ትልልቅ ለጋሾች ናቸው። ትናንሾቹ ግን ጎረፉ። የአባላቱ ቁጥር በፍጥነት አደገ። ግድቦቹም አልተሠሩም። ጥቂት የሚሰጥ ሰው ድሮም ለግብር ቅናሽ ብሎ አይደለም የሚሰጠው።

ይህ የግብር ነገር ዛሬም አንዳንድ ደጋፊዎችን ግራ ያጋባል። በብዙ አገር እርዳታ ለሚያከፋፍል ድርጅት የሚሰጥ ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይቀነሳል፤ ሕግ እንዲቀየር ለሚወተውት ማኅበር የሚሰጠው ግን ላይቀነስ ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ ማኅበራት ሁለት ክንፍ አላቸው፣ ሁለት ሒሳብም አላቸው። መዋጮ ስትሰጡ ለየትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ትልቅ ለጋሽ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ በጎ ሥራ የሚሠራው በእነሱ ነው። ችግሩ ገንዘባቸው በፕሮጀክት መምጣቱ ነው። ለስልጠና የመጣ ገንዘብ ለስልጠና ብቻ ነው። ኦዲተሩ ከሌላ ነገር ላይ ቢያገኘው ጣጣ ነው። አንድ ጊዜ አንድ የሕግ ረቂቅ ወጣና አስተያየት ለመስጠት ሁለት ሳምንት ብቻ ተሰጠ። ረቂቁ ውስጥ የአባሎቻችንን ሕይወት የሚያከብድ አንድ አንቀጽ አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፕሮፖዛል ተጽፎ፣ ተገምግሞ፣ ጸድቆ፣ ገንዘብ የሚለቀቅበት አሠራር የትም የለም። ያን ጊዜ የደረሰልን ከደጋፊዎች በየወሩ የሚገባው፣ «ለሚያስፈልገው አውሉት» የተባለው ገንዘብ ነው። በእሱ ጠበቃ ቀጠርን፣ በእሱ አባላት ከያሉበት መጡ። አንቀጹ ሙሉ በሙሉ አልወጣም፣ ግን ለሰለሰ።

ሌላም አደጋ አለ። የውጭ ገንዘብ በር በአንድ ሕግ ሊዘጋ ይችላል። ሩሲያ በ2012 ከውጭ ገንዘብ የሚቀበሉና በፖለቲካ ይሳተፋሉ የተባሉ ድርጅቶች «የውጭ ወኪል» ተብለው እንዲመዘገቡ ሕግ አወጣች። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2009 የወጣውና በ2019 በሌላ የተተካው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። የአካል ጉዳተኞችና የሕፃናት መብትም ከተከለከሉት መካከል ናቸው። እንዲህ ዓይነት ሕግ ሲመጣ ከራሱ ደጋፊዎች መሰብሰብ ያልለመደ ማኅበር ወይ ይዘጋል፣ ወይ ሥራውን ቀይሮ ሌላ ነገር ይሆናል። መሰብሰብ በአንድ ጀምበር የሚለመድ ነገር አይደለም። ደጋፊን ማወቅ፣ ማመስገን፣ ሪፖርት ማድረግ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ገንዘብ ባለበት ጊዜም ቢሆን የሚጠይቅ ማኅበር ስታዩ አትገረሙ።

መዋጮው ከገንዘብ በላይ የሆነ ሌላ ሥራም አለው። ከአንድ ባለሥልጣን ጋር ስንወያይ በመሃል «ለመሆኑ እናንተ ማን ናችሁ? ከኋላችሁ ስንት ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀን። ገንዘብ ያዧ ከቦርሳዋ ሪፖርቱን አውጥታ በየወሩ የሚያዋጡ ሰዎች ቁጥር ያለበትን መስመር በጣቷ አሳየችው። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ሰውየው ቁጥሩን አየ፣ ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ከዚያ በኋላ የነበረው ንግግር ሌላ ነው። ፊርማ ማሰባሰብ ጥሩ ነው። ነገር ግን ፊርማ አንድ ጊዜ የሚደረግ ነው። ሰው ከኪሱ በየወሩ እያወጣ ከቆየ ነገሩ የምር እንደሆነ ማንም ይገባዋል።

«ስም የለም» ያልኩት በምክንያት ነው። የደጋፊ ስም ዝርዝር አደራ ነው። ያችው አላባማ ግዛት የጥቁሮችን መብት የሚሟገተውን ኤንኤኤሲፒ የአባላቱን ስምና አድራሻ አምጣ ብላ ነበር። ማኅበሩ እምቢ ሲል 100,000 ዶላር ተቀጣ። በ1958 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ድምፅ ማኅበሩ ዝርዝሩን እንዲሰጥ ሊገደድ አይገባም ብለው ወሰኑ። ዝርዝሩ ቢወጣ አባላቱ ከሥራ ይባረሩ፣ ይደበደቡም ነበር። ስለዚህ መዋጮ የሚጠይቃችሁን ማኅበር «ስሜን የት ታስቀምጡታላችሁ? ለማን ትሰጡታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ማኅበር በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

አሁን ለጠያቂዎቹ። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ የለመድነው አሠራር አለ። «ያለእናንተ ድጋፍ ምንም ማድረግ አንችልም» ብሎ መጀመር ይቀልላል። ግን ይህ ማንኛውም ማኅበር ስለማንኛውም ጉዳይ ሊጽፈው የሚችለው ዓረፍተ ነገር ነው። እኛ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የግድ ባለፈው ጊዜ የተሰጠው ገንዘብ ምን እንደሠራ እንጽፋለን፣ ያልተሳካውን ጨምሮ። ለምሳሌ፦ «በላካችሁት ገንዘብ የመሐንዲስ ንድፍ አሠርተናል። ንድፉ ቀርቧል። ውይይቱ አልተሳካም። አሁን ወደ ክስ እየሄድን ነው፣ ለዚህም ጠበቃ እንፈልጋለን።» በቃ። ደጋፊው ጉዳዩ የት እንደደረሰ ያውቃል፣ የሚጠየቀው ለምን እንደሆነ ያውቃል። አልተሳካም ብለን በጻፍንባቸው ጊዜያት መዋጮው አልቀነሰም። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ከሽንፈት ይልቅ ከዝምታ ነው።

ይህንን ያስተማሩኝ በስልክ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ናቸው። ከእኛ በፊት ለሌላ ማኅበር ለረጅም ጊዜ ያዋጡ ነበር። «ልጄ፣ ስጡ ሲሉኝ እሰማቸዋለሁ፣ ምን እንደሆነ ሲነግሩኝ ግን ሰምቼ አላውቅም» አሉኝ። «አሁን እናንተም እንዲያ ከሆናችሁ ከወዲሁ ንገሩኝ፤ እኔ መቀያየር አልወድም።» ከዚያ በኋላ ኮሚቴው አንድ ሕግ አወጣ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መጠየቅ የለም። በሁለት ጥሪ መካከል ቢያንስ አንድ ጊዜ ምንም የማይጠይቅ፣ የሆነውን ብቻ የሚናገር መልእክት መሄድ አለበት።

የውሸት ጥድፊያም ይቅር። «ዛሬ ሌሊት ካላዋጣችሁ ሁሉም ነገር ያበቃለታል» የሚል መልእክት አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ሁለተኛው ላይ ይሰለቻል፣ ሦስተኛው ላይ ሰው ማንበብ ያቆማል። እውነተኛ ቀነ ገደብ ካለ ቀኑን ጻፉ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ምን እንደሚሆንም ጻፉ። ከሌለ አትፍጠሩ። የምንታገለው ለእውነት ነው ካልን አጠያየቃችንም ያንኑ መምሰል አለበት።

እጃችሁ ላይ ያለው ትንሽ ከሆነ ደግሞ አትፈሩ። በየወሩ የሚገባ ትንሽ ገንዘብ በዓመት አንዴ ከሚመጣ ዳጎስ ያለ ስጦታ ይልቅ ለገንዘብ ያዥ ይጠቅማል። ምክንያቱም ደመወዝና ኪራይ በየወሩ ነው የሚከፈለው። ስንት እንደሚገባ የሚያውቅ ማኅበር ጠበቃውን «ቀጥል» ማለት ይችላል። የማያውቅ ማኅበር ክሱን መሃል ላይ ያቆማል፣ መሃል ላይ የቆመ ክስ ደግሞ ካልተጀመረው ይብሳል። ሌላው ወገን እንደደከምን ያያል።

ከመስጠታችሁ በፊት ጥቂት ነገር ማየት አይከፋም። ገንዘቡ የሚገባው በማኅበሩ ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው ወይስ በግለሰብ? በግለሰብ ከሆነ ተዉት። ደረሰኝ ይሰጣሉ? የተመረመረ የሒሳብ ሪፖርት ስትጠይቁ ያሳያሉ? ከማን ገንዘብ እንደማይቀበሉ የተጻፈ መመሪያ አላቸው? ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው አይጠይቀውም። ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ማኅበሩ ማንን ለመናገር ነፃ እንደሆነ የሚነግረኝ እሱ ነው። ሪፖርቱን ስታዩ ደግሞ «ለአስተዳደር የዋለው ስንት በመቶ ነው?» በሚለው ቁጥር ብቻ አትፍረዱ። ቀደም ብዬ እንዳልኩት የዚህ ሥራ አብዛኛው ወጪ ሰው ነው። ይልቅ የሥራውን ዝርዝር ተመልከቱ። የትኛው ደብዳቤ፣ የትኛው ክስ፣ የትኛው ረቂቅ ላይ ሠሩ? የሚያስቀምጡት መጠባበቂያ ገንዘብ ካለም አትቆጡ። ለጥቂት ወራት የሚበቃ መጠባበቂያ ያለው ማኅበር በችግር ጊዜ የማይሆን ገንዘብ ለመቀበል አይገደድም። እኛ የዚያን ኩባንያ ገንዘብ ስንመልስ ያተረፈን ያችው ትንሽ መጠባበቂያ ናት።

መስጠት የማትችሉ ከሆነ «አልችልም» በሉ። ቅር የሚለው የለም። ደዋዩም ብዙ ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ግልጽ መልስ ጊዜውን ያተርፍለታል። ስትሰጡ ቆይታችሁ ማቆም ግድ ከሆነባችሁም ዝም ብላችሁ አታቁሙ። አንድ መስመር ጻፉላቸው ወይም ደውሉ፤ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደምታቆሙ ብቻ ንገሯቸው። ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም። ገንዘብ ያዧ የሚቀጥለውን ወር ስታቅድ የእናንተን ቁጥር አውጥታ ትሠራለች፤ ጠበቃውም ከወዲሁ ይነገረዋል።